ቆፋሪ ወደ መንደራችሁ ሲመጣ፦ ሳይቃጠል በቅጠል

ጅማ ቁጭ ብሎ ስለ ጋዝ ቁፋሮ መጻፍ ለአንዳንዱ ቀልድ ይመስለው ይሆናል። ጋዙ ያለው ሶማሌ ክልል ነው፣ ካሉብና ሂላላ። እኛ ያለን ቡና፣ ማር፣ ጫትና ዝናብ ነው። እውነት ነው። ግን ድልቢ ሞዬ ላይ የድንጋይ ከሰል አለ፣ በየኮረብታው የድንጋይ ካባ አለ፣ በየወንዙ ዳር ደግሞ የእሸት ቡና ማጠቢያ አለ። ከመሬት ስር ያለውን ለማውጣት የሚመጣ ድርጅት፣ ጋዝ ይሁን ከሰል ይሁን ወርቅ፣ አመጣጡ ይመሳሰላል። መጀመሪያ መኪና ይመጣል። ሰዎች ወርደው ድንጋይ ላይ ቀይ ቀለም ይቀባሉ፣ ችካል ይተክላሉ። ቀጥሎ ስብሰባ ይጠራል። ከዚያ ማሽን። እኛ ብዙ ጊዜ የምንነቃው ማሽኑ ሲያጓራ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ተቃውሞ ሲባል ብዙ ሰው ሰልፍ ብቻ ይታየዋል። ሰልፍም አነሳለሁ፣ ግን ወደ ኋላ ላይ። ነገሩ የሚወሰነው ከዚያ በፊት ነው፣ በደብተርና በማኅተም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ጋዝ ጠላቴ አይደለም። አንድ ጆንያ ከሰል ስንት እንደገባ የሚያውቅ፣ ጫካው በየዓመቱ ወዴት እየሸሸ እንደሆነ የሚያይ የጅማ ሰው፣ የጋዝ ምድጃ ሲባል ፊቱን አያዞርም። ጥያቄው ጋዙ የሚወጣበት መንደር ውሃውን ይዞ ይቆያል ወይ የሚለው ነው።

ምን እንደሚመጣባችሁ እወቁ

ቁፋሮ እንዴት እንደሚጎዳ ሳታውቁ ከተነሳችሁ፣ ስብሰባው ላይ የሚመጣው የመጀመሪያው ኢንጂነር አፋችሁን ያስይዛችኋል። ስለዚህ ዋና ዋናውን ያዙ።

የጋዝ ጉድጓድ ኪሎ ሜትሮችን ወደ ታች ይወርዳል። በመንገዱ ላይ የምንጠጣውን የከርሰ ምድር ውሃ በስቶ ያልፋል። ውሃውን ከጋዙ የሚለየው የብረት ቱቦና በቱቦው ዙሪያ የተሞላ ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶው በደንብ ካልያዘ፣ ወይም ከዓመታት በኋላ ከተሰነጠቀ፣ የጋዙ ዋና ክፍል የሆነው ሚቴን ሽቅብ ይወጣና የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ይገባል። ሚቴን ደግሞ በተፈጥሮው ሽታ የለውም። የሲሊንደሩ ጋዝ የሚሸተን ሆን ተብሎ ሽታ ስለተጨመረበት ነው። ስለዚህ «ምንም አልሸተተንም» የሚለው ነገር ማስረጃ አይሆንም፣ ለእነሱም ለእናንተም።

ሌላው ከጋዙ ጋር ከጥልቅ የሚወጣው ውሃ ነው። ከባሕር ውሃ በላይ ጨዋማ ሊሆን ይችላል፤ እንደ ቦታው አርሴኒክ፣ ባሪየምና ራዲየም የሚባሉ ጎጂ ንጥረ ነገሮች ሊኖሩት ይችላሉ። ይሄ ውሃ ክፍት ኩሬ ውስጥ ከተጠራቀመ ከብት ይጠጣዋል፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ሞልቶ ይፈሳል። የጅማን ክረምት የሚያውቅ ሰው ክፍት ኩሬ ሲባል ወዲያው «ሐምሌ ላይስ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ዓለቱን በውሃ ግፊት ሰንጥቆ ጋዝ የማውጣት ዘዴም አለ፣ ፍራኪንግ የሚሉት። እንደ ዓለቱ ዓይነት ለአንድ ጉድጓድ ከ6 እስከ 60 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ውሃ ይፈጃል፤ ውሃው ውስጥ አሸዋና ኬሚካል ይጨመራል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2011 ከልክላዋለች፤ የኒውዮርክ ግዛት እንደማይፈቅድ በ2014 አስታውቋል። ሁሉም ጉድጓድ በዚህ ዘዴ አይቆፈርም። የእናንተው በየትኛው እንደሆነ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። አቧራው፣ የከባድ መኪናው ድምፅና ሌሊቱን የሚነደው የጋዝ ነበልባል ለማንም ስለሚታይ እዚህ አላደክማችሁም።

የውሃ ደብተር ክፈቱ

ጊዜያችሁን የምታጠፉት እዚህ ላይ ይሁን።

አሜሪካ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ዲሞክ የምትባል ትንሽ የገጠር መንደር አለች። ጋዝ መቆፈር ከተጀመረ በኋላ የነዋሪዎች ጉድጓድ ውሃ ውስጥ ሚቴን ገባ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ላይ አንዱ የውሃ ጉድጓድ ፈነዳ። ከዚያ ዓመታት የፈጀ ክርክር መጣ። ክርክሩ የሚያጠነጥነው በአንድ ጥያቄ ላይ ነበር፦ ይሄ ጋዝ ድሮም ውሃው ውስጥ ነበረ ወይስ ቁፋሮው ነው ያመጣው? በ2012 የወጣው የግዛቷ ሕግ ከዚህ ዓይነት ጣጣ ትምህርት የወሰደ ይመስላል። ከጋዝ ጉድጓዱ በ760 ሜትር ገደማ ውስጥ ያለ ውሃ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ከተበከለ፣ ኩባንያው አስቀድሞ ውሃውን አስመርምሮ ነፃነቱን ካላሳየ በስተቀር እንደ ጥፋተኛ ይገመታል። እዚያ ማስረጃ የማቅረብ ጣጣው ቆፋሪው ላይ ወደቀ ማለት ነው። እኛ ጋ ግን መንደሩ ራሱ ቀድሞ መያዝ አለበት።

እኛም ነገሩን በቡና ማጠቢያው እናውቀዋለን። እሸት ቡና በሚታጠብበት ወራት ወንዙ ይጠቁራል፣ ይገማል፣ እግሩን የነከረ ሰው ያሳክከዋል። ታች ያለው ገበሬ አቤት ሲል የሚያገኘው መልስ «ድሮም እንዲህ ነበር» ነው። ድሮ እንዴት እንደነበረ የጻፈ ሰው የለማ! በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው ለዚህ ነው።

ጠንካራ ሽፋን ያለው አንድ ደብተር ግዙ። የምትጠጡትን ምንጭና ጉድጓድ ሁሉ ዘርዝሩ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ገጽ ስጡት። በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ ሰው ሄዶ ይመዝግብ። ቀኑ በእኛም በፈረንጁም አቆጣጠር ይጻፍ። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር መሆኑ ይገለጽ፣ አለበለዚያ «3 ሰዓት» ብላችሁ የጻፋችሁትን ፍርድ ቤት ላይ ከሰዓት በኋላ ነው ብለው ያምታቱባችኋል። የውሃው ቀለም፣ ሽታ፣ አረፋ፣ በላዩ ላይ የሚንሳፈፍ ቅባት ይጻፍ። ከዚያ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ምንጩ ስር አስቀምጡና በስንት ደቂቃና ሴኮንድ እንደሞላ በስልካችሁ ለኩ። ይሄ ቀላል ነገር ነው፣ ግን ከስድስት ወር በኋላ «ምንጫችን ቀነሰ» ስትሉ ወሬ መሆኑ ይቀርና ቁጥር ይሆናል። ውሃ የሚቀዱት ሴቶችና ልጆች ስለሆኑ መዝጋቢውንም ከእነሱ መሃል ምረጡ። የቀበሌ ሹም በወር አንዴ እንኳ ምንጩ ጋ አይደርስም።

እንደ እስክሪብቶ የምትያዝ የውሃ ጨዋማነት መለኪያ አለች። እድሩ ቢያዋጣ አይከብድም። ከጥልቅ የሚወጣው ውሃ ጨዋማ ስለሆነ፣ ቁጥሩ በድንገት ካሻቀበ ቶሎ ታውቃላችሁ። ግን ይቺ ዕቃ የምታነቃ እንጂ የምታስፈርድ አይደለችም። ለማስፈረድ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የአካባቢ ጤና ትምህርት ክፍል አለው፤ በእድር ወይም በውሃ ኮሚቴ ስም ደብዳቤ ጽፋችሁ ጠይቁ። ቢያንስ ሁለት ጊዜ አስመርምሩ፣ አንዴ በክረምት አንዴ በበጋ፣ ውሃ በወቅት ይለዋወጣልና። ሚቴን፣ ክሎራይድ (ጨዋማነትን የሚያሳየው)፣ ባሪየምና አርሴኒክ እንዲታይላችሁ በስም ጠይቁ፤ «ውሃውን እዩልን» ብቻ ካላችሁ ጀርም አይተው ይመልሷችኋል።

ናሙና ስትወስዱ ጠርሙሱን ከላቦራቶሪው ተቀበሉ። የለስላሳ ጠርሙስ ዋጋ የለውም። ለሚቴን የሚሆነው ዕቃ ልዩ ነው፣ አየር እንዳይገባበት እስከ አፉ ይሞላል። ለሌላው የሚሰጣችሁ ጠርሙስ አንዳንዱ ውስጡ መድኃኒት ስላለው፣ ታጥቦ ይሞላ አይሞላ እዚያው ጠይቁ። ከዚያ ክዳኑ ላይ ወረቀት ለጥፋችሁ ሁለት ምስክር ይፈርምበት፣ አንዱ መምህር ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቢሆን ጥሩ ነው። በቀዝቃዛ ዕቃ በዚያው ቀን ይድረስ። ጠርሙሱ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደተላለፈም ይጻፍ።

ፎቶ አንሱ፣ ግን ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ስትልኩት ይጨመቅና ቀኑና ቦታው ይጠፋል። እንደ ፋይል ላኩት። ዋናውን ከስልካችሁ አታጥፉ።

ስለ ከብትም ጻፉ። የጨነገፈች ላም፣ የሞተ ጥጃ፣ ከየትኛው ውሃ እንደጠጣ። እግረ መንገዳችሁን እግር ቡናችሁን ቁጠሩ፣ ዕድሜውንም ጨምራችሁ። ካሳ ሲመጣ ቆጣሪው የእነሱ ሰው ነው የሚሆነው።

ስብሰባው ላይ እንዳትሸወዱ

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት ይሰጣል። አንቀጽ 43 እና 92 ደግሞ ማኅበረሰቡን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሕዝቡ ሐሳቡን እንዲጠየቅ ያዛሉ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ 299/1995 የጥናት ሪፖርቱ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና የሕዝቡ አስተያየት እንዲካተትበት ያስገድዳል። ስለዚህ ድርጅቱ ስብሰባ የሚጠራው ወዶ አይደለም፣ ስብሰባ ማድረጉን የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልገዋል።

ወረቀቱን ልብ ብላችሁ እዩት። በር ላይ አንድ ልጅ ቆሞ ያዞራል። ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ቀበሌ፣ ስልክ፣ ፊርማ ይላል። ከላይ ርዕሱ ባዶ ነው። ሰው ለውሃና ለአበል ነው ብሎ ይፈርማል። ከወራት በኋላ ያው ወረቀት የጥናቱ አባሪ ሆኖ ይወጣና ርዕሱ «ፕሮጀክቱን የደገፉ ነዋሪዎች» ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው። ርዕስ የሌለው ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ርዕሱን ራሳችሁ ጻፉበት፣ ወይም ከፊርማችሁ ጎን «ተገኝቻለሁ፣ አልተስማማሁም» በሉ። ሁሉም ሰው ይህን ካደረገ ወረቀቱ ለእነሱ አይጠቅምም። ከዚያ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

የራሳችሁን ቃለ ጉባኤ ያዙ። ማን ምን ጠየቀ፣ ማን ምን መለሰ፣ ምን ቃል ተገባ። «መንገድ እንሠራላችኋለን፣ ትምህርት ቤት እንገነባለን» የሚለው ሁሉ በስም በቀን ይጻፍ። መልሱ «እናያለን» ከሆነ «እናያለን አሉ» ተብሎ ይጻፍ።

ከጎረቤት ኬንያ የምንማረው አለ። ላሙ በሚባለው የባሕር ዳርቻ አካባቢ 1,050 ሜጋዋት የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ ሊሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2019 የአገሪቱ የአካባቢ ጉዳይ ችሎት ፈቃዱን ሰረዘ። ትልቁ ምክንያት ሕዝቡ በአግባቡ አልተጠየቀም የሚል ነበር። ደቡብ አፍሪካም እንዲሁ፦ በ2022 የማካንዳ ፍርድ ቤት የነዳጅ ኩባንያው ሼል በዋይልድ ኮስት ባሕር ዳርቻ ነዳጅና ጋዝ ለመፈለግ ያገኘውን ፈቃድ ውድቅ አደረገ፤ ኩባንያው የአካባቢውን ነገሥታት አናግሬያለሁ ቢልም፣ ንጉሥ ማናገር ሕዝብ ማናገር አይደለም ተባለ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በኋላ ቀዳዳ ቢተውለትም ምክክሩ ጉድለት እንደነበረበት አጽንቷል። ይሄን ለእኛ አምጡት። ሁለት ሀጂ፣ አንድ ቄስና የቀበሌው ሊቀመንበር ሆቴል ተጠርተው ምሳ ቢበሉ መንደሩ ተጠየቀ አይባልም። ሽማግሌዎቻችንን አክብረን፣ ቀደም ብለን ቤታቸው ሄደን ቡና እየጠጣን ይሄን ማስረዳት የእኛ ሥራ ነው። «አባባ፣ ቢጠሩዎት ይሂዱ፣ ግን ሕዝቡን ሳናማክር መልስ አንሰጥም ይበሉልን» ብትሏቸው ማንም አይቀየምም።

ቋንቋውም ጉዳይ ነው። ጥናቱ በእንግሊዝኛ፣ ስብሰባው በአማርኛ፣ ገበሬው ኦሮምኛ ተናጋሪ ከሆነ ማን ምን ተረዳ? በኦሮምኛ ተተርጉሞ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ እንዲደርሳችሁ በደብዳቤ ጠይቁ። የስብሰባው ቀን የገበያ ቀን ወይም የጁምዓ ሰዓት ከሆነ ይለወጥ በሉ። ሴቶች ውሃ የሚቀዱበትና እንጀራ የሚጋግሩበት ሰዓትም ስብሰባ አይደረግበትም።

ወረቀቱን ወደ ትክክለኛው ቢሮ ውሰዱ

መጀመሪያ ፈቃዱን ማን እንደሰጠ ለዩ። ነዳጅና ጋዝ የፌዴራሉ ማዕድን ሚኒስቴር ጉዳይ ነው። አነስተኛ ማዕድንና ለአገር ውስጥ ባለሀብት የሚሰጥ የጠጠርና የአሸዋ ፈቃድ ክልል ጋ ነው። ቀበሌ ሄዳችሁ ብትጮኹ ሊቀመንበሩ ራሱ የሚያውቀው ነገር ላይኖር ይችላል፣ ምስኪን።

ትልቁ መሣሪያችሁ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 አንቀጽ 11 ነው። ማንም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ሰው ላይ ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። «ሊጎዳ በሚችል» የምትለዋን አስምሩባት፣ ጉዳት እስኪደርስ መጠበቅ የለባችሁም ማለት ናት። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። 60 ቀኑ ሳይታወቅ ስለሚያልፍ ካላንደር ላይ ምልክት አድርጉ። ከመክሰሳችሁ በፊት አዋጆቹ ተሻሽለው እንደሆነ የሕግ ሰው ጠይቁ፤ ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ከሌላችሁ የዩኒቨርሲቲውን ሕግ ትምህርት ቤት በር አንኳኩ።

ማመልከቻው አንድ ገጽ ይሁን። ለወረዳ፣ ለዞንና ለክልል በኦሮምኛ ጻፉት፣ የሥራ ቋንቋቸው እሱ ነውና። በአማርኛ ይዛችሁ ብትሄዱ «አስተርጉማችሁ ኑ» ተብላችሁ አንድ ሳምንት ይባክናል። ለፌዴራል በአማርኛ። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉና በግልባጩ ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስመቱ። ለኃላፊው በእጅ የተሰጠ ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ቀረ ማለት ነው። ሰነድ ከከለከሏችሁ ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት በሉ፣ የመረጃ ነፃነት አዋጅ 590/2000 አለላችሁ።

መንደሩ ለሁለት ሲከፈል

መከፈሉ አይቀርም። ሥራ አጥ ወጣት አለ፤ ጥበቃ ሆኖ ቢቀጠር ደስ የሚለው አባት አለ። እነዚህን ሆዳም ብላችሁ ከተሳደባችሁ ጨዋታው አለቀ። ይልቅ አብራችሁ ጠይቁ፦ ግንባታው ሲያልቅ ስንት ሰው ይቀራል? ከእኛ ቀበሌ ስንት? በምን ደመወዝ? የጋዝ ጉድጓድ ሲቆፈር ብዙ ሰው ይፈልጋል፣ ጋዝ መስጠት ሲጀምር ግን ጥቂት ባለሙያ ይበቃዋል። ይሄን ከእናንተ አፍ ከሚሰሙት፣ ጠይቀው ከድርጅቱ አፍ ቢሰሙት ይሻላል።

ፌስቡክ፣ ሰልፍና የመሳሰሉት

ውሃው ሲነድ የሚያሳይ ቪዲዮ ከሌላ አገር አምጥታችሁ «ይሄው የእኛ መንደር» ብላችሁ እንዳትለጥፉ። አንድ ውሸት የዓመት ደብተራችሁን ያጠፋዋል። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ 1185/2012 ደግሞ ቀልድ አያውቅም። የሰው ስም ጠርታችሁ ጉቦ በላ አትበሉ፤ «በዚህ ቀን ይህን ጠየቅን፣ እስካሁን መልስ የለም» ማለት ይበቃል፣ እንደውም የበለጠ ያማል።

ሰልፍ ካስፈለገ አዋጅ 3/1983 ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅን ይጠይቃል። እሱንም ገቢ አስደርጉ። ሰልፍ ይሠራል፤ ጉጂ ውስጥ የለገደንቢ ወርቅ ማዕድን ፈቃድ ሲታደስ ነዋሪው በሰውና በከብት ላይ ጉዳት ደርሷል ብሎ ተነስቶ እ.ኤ.አ. ግንቦት 2018 ፈቃዱ ታግዷል። ግን ዋጋ ተከፍሎበት ነው፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ሥራው እንደገና ተጀምሯል። ለዚህ ነው ሰልፉን ከደብተሩ ኋላ ያስቀመጥኩት።

ቁፋሮው ቀድሞ ተጀምሮ ከሆነ

ካሉብን ተመልከቱ። በዚያው በሶማሌ ክልል የሙከራ የድፍድፍ ነዳጅ ምርት በ2010 ዓ.ም. ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ በካሉብ አካባቢ ነዋሪዎች ላይ ያልታወቀ በሽታ እየታየ ነው ብሎ ጻፈ፣ መንግሥት ደግሞ ሐሰት ነው አለ። የመጀመሪያው ምዕራፍ የጋዝ ምርት መስከረም 2018 ዓ.ም. ተመረቀ። «ታመምን» እና «አልታመማችሁም» ሲፋጠጡ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተያዘ መዝገብ በእጁ ያለው ይሰማል።

ማሽኑ ከገባ በኋላም ደብተሩን ዛሬ ክፈቱ፤ የዘገየ መዝገብ ከባዶ እጅ ይሻላል። ከጉድጓዱ በላይ በኩል ያለና ያልተነካ አንድ ምንጭ ለማነጻጸሪያ ያዙ። ክፍት ኩሬ ካለ ክዳን ወይም ታንከር ይደረግለት ብላችሁ ጠይቁ። የጤና ጣቢያችሁን የሕመምተኛ ቁጥር፣ የሰው ስም ሳይጠቀስ፣ በየወሩ እንዲሰጧችሁ በደብዳቤ ጠይቁ። ጋዙ ሲያልቅ ጉድጓዱን ማን ይደፍነዋል፣ በማን ገንዘብ፣ ገንዘቡስ አሁን የት ተቀምጧል? ኪሎ ሜትሮች የሚወርድ ጉድጓድ በአፈር አይደፈንም፣ ሲሚንቶና ባለሙያ ይፈልጋል፣ ድርጅቱ ደግሞ ስሙን ቀይሮ ወይም ሸጦ ሊሄድ ይችላል። ይሄ ጥያቄ በሚቀጥለው ስብሰባ የመጀመሪያው ይሁን። ማን እንደሚያነሳው ከአሁኑ ተነጋገሩ፣ ቢቻል ድምፅዋ የሚሰማ፣ በቀላሉ የማትቀመጥ አንዲት እናት ትሁን።